ደመኛዬ በግራ ክንፍ ይጫወት ነበር

እግር ኳስ ሰውን ያፋቅራል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ቡድን ውስጥ አልተጫወቱም ማለት ነው። እኔ በደርግ ጊዜ ለመሐል ሜዳ ከተማ፣ ለመንዝ አውራጃ ቡድን፣ አጥቂ ሆኜ ተጫውቻለሁ። አጥቂ ስላችሁ ጎል የሚያገባ እንዳይመስላችሁ፤ ጎል እንዲያገባ የሚጠበቅ ማለቴ ነው። ኳሱ ከግራ ክንፍ ይመጣልኛል ተብሎ ይጠበቃል። በግራ ክንፍ የሚጫወተው ሙላት ነው። ሙላት ደግሞ ደመኛዬ ነው። አሁን ቁጭ በሉና ስሙኝ።

የሙላት ታላቅ ወንድም የአባቴን ታናሽ ወንድም በወሰን ጠብ ገደለው። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው መሬት የመንግሥት ነው ተብሎ ከታወጀ በኋላ ነው። ወሰኑ የእኛም አይደለም፣ የእነሱም አይደለም። ይህን ለአጎቴ የነገረው የለም፤ ቢነግሩትም የሚሰማ ሰው አልነበረም። ገዳዩ ቆላ ወርዶ ተሸሸገ፤ እዚያው ወባ ጨረሰው። ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ በዚሁ ያበቃ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ወባ ደም መላሽ ሆና አትቆጠርም። ስለዚህ ዕዳው በቤቱ ወደ ቀረው ወንድ ልጅ፣ ወደ ሙላት ዞረ። በእኛ በኩል ደግሞ አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፣ ከእኔ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። መመለሱ ወደ እኔ ዞረ።

ማንም አስቀምጦ «ክፍሌ፣ ሙላትን ግደል» ያለኝ የለም። እንዲህ ያለ ነገር አፍ አውጥቶ አይነገርም። አባቴ ግን ጠላ በተቀመሰበት ቤት ሁሉ፣ ሰው የወንድማቸውን ስም ባነሣ ቁጥር፣ «ልጄ ደርሷል» ይላሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዞሮ ያየኛል። እኔ የደረስኩት ገና ስምንተኛ ክፍል ነበር።

ደመኞች ሰላም አይባባሉም። አንድ ቤት ውስጥ አይቀመጡም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም። እርቅ የሚባለው ነገር የሚያልቀው ሁለቱ ወገኖች አንድ ገበታ ቀርበው እህል ሲቀምሱ ስለሆነ፣ ከደመኛው ጋር የበላ ሰው ደሙን ጣለ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ብዙ ደክመው የቻሉት፣ እስከ ፍልሰታ ጾም ፍቺ ድረስ በሙላት ላይ እጄን እንዳላነሣ ቃል ማስገባት ብቻ ነበር። ጾሙ ሲፈታ ወይ እገድለዋለሁ፣ ወይ የአባቴ ልጅ አልባልም። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዶሮ እንኳ ሲታረድ ዘወር የምል ሰው ነበርኩ።

ታዲያ አንድ ቡድን ውስጥ ምን ትሠሩ ነበር ትሉኛላችሁ። ብሔራዊ ውትድርና ነዋ! የአውራጃው አስተዳዳሪ ኳስ የሚወድ ሰው ነበር። የቡድኑን ልጆች ለዘመቻ አያስነካም። ሙላትም እኔም ያሰብነው አንድ ነው፤ ከማላውቀው ጠላት ጋር ሰሜን ሄጄ ከምተያይ፣ ከማውቀው ጋር እዚሁ ሜዳ ላይ ብተያይ ይሻለኛል።

ቡድኑ እንግዲህ ቡድን ከተባለ ነው። ዘመቻ ፈርተው የገቡት፣ ዘመቻ ፈርተው ወደ አዲስ አበባ ጠፉ። አንደኛው አገባና አማቶቹ በቁምጣ ሜዳ ለሜዳ የሚሮጥ ሙሽራ አንፈልግም አሉ። አንደኛው ቅኔ ሊቆጥር ጎጃም ሄደ። መጨረሻ ላይ ልክ አሥራ አንድ ቀረን። ተቀያሪ የሚባለውን ነገር በሬዲዮ ነው የምንሰማው። ሰው ቢታመም ቡድኑም አብሮ ይታመማል። በረኛችን እሸቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ማሊያችንን ጥፎ ጥፎ አኑሮልናል። ኳስ ወደ እኛ ጎል ካልመጣች ቁልፍ ይተክላል እያሉ ያሙት ነበር። ሐሜት ነው። ኳስ ወደ እኛ ጎል ያልመጣችበት ጊዜ የለም።

አሠልጣኛችን መምህር ፍሥሐ የሚባል ከናዝሬት ተመድቦ የመጣ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ጎበዝ፣ ቅን፣ ብርድ የሚያንሰፈስፈው ሰው። ውድድሩ ከመስቀል በኋላ ስለሚጀመር ክረምቱን ሙሉ የዝግጅት ጨዋታ ያጫውተናል። በፖሊሶች ተሸነፍን። በመምህራን ተሸነፍን፤ ከመምህራኑ አንደኛው ጫማውን ሳይቀይር ነው የገባው። ከሰባተኛ ክፍል ልጆች ጋር አቻ ወጣን፣ ያን ቀን ደስ ብሎን ዋልን።

መምህር ፍሥሐ ሌሊቱን ሲያስብ ያድርና ጥዋት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይሥላል። እዚህ ጋ ሙላት፣ እዚህ ጋ ክፍሌ፣ መሐል ላይ ረጅም ቀስት።

«ከዚህ ወደዚህ!» ይላል ሰሌዳውን እየደበደበ። «ምኑ ነው የሚከብደው? እንዴ! ሙላት፣ ክፍሌን አታየውም?»

«አየዋለሁ» ይላል ሙላት።

«ታዲያ ለምን አትሰጠውም?»

ቡድኑ በሙሉ ሳል ይይዘዋል። አውራጃው በሙሉ ያውቃል፣ ገበያተኛው ያውቃል፣ መምህር ፍሥሐ ብቻ አያውቅም። የደም ነገር ለእንግዳ አይነገርም፤ እሱም ሦስት ዓመት የኖረ እንግዳ ነበር። በኋላ በራሱ አንድ ነገር ጠረጠረ። ሁለታችንንም ለየብቻ ጠርቶ፣ ሴት ልጅ እንዲህ ታስደርጋለች፣ እኔም በወጣትነቴ ደርሶብኛል፣ ለቡድኑ ስትል እርሳት አለን። እኔም እሞክራለሁ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ነሐሴ ገባ፣ ጾሙም ገባ። የመጨረሻው የዝግጅት ጨዋታ ከዘመሮ ቡድን ጋር፣ በዘመሮ ሜዳ ተባለ። የወዳጅነት ጨዋታ ነው የሚባለው ስሙ። በእህል መኪና ላይ ተሳፍረን በጭቃ እየተንሸራተትን ሄድን። ሙላት ከፊት በቀኝ ጥግ፣ እኔ ከኋላ በግራ ጥግ። መምህር ፍሥሐ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ተጠጋጉ እንጂ ልጆች፣ ይሞቃችኋል!» ይላል። ማን ይጠጋ?

ሜዳው ጋ ስንደርስ ከረጢት ሙሉ ዳቦ አወጣ። ከራሱ ደመወዝ የገዛው ነው፣ ነፍሱን ይማርና።

«ብሉ! ስፖርተኛ አይጾምም!»

አሥራ አንዳችንም ሰማይ ሰማዩን አየን። ፍልሰታ ሕፃን እንኳ የሚጾማት ጾም ናት፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ወደ አፉ የሚያስገባ አልነበረም።

«መምህር፣ እርስዎ ይብሉልን» አለ እሸቴ።

በላልን። በዚያን ቀን ከቡድኑ ሙሉ ጉልበት የነበረው እሱ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ አይጫወትም።

ስለ ጨዋታው ብዙ አታናግሩኝ። ስንት አገቡብን የሚለውን ተዉት። አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። ሙላት ኳስ ይዞ ሁለት ሰው አለፈ፤ ልጁ ሲችል ይችል ነበር፣ ደመኛዬ ስለሆነ አልክድም። እኔ ጎሉ ፊት ብቻዬን ቆሜአለሁ። ያለ ማጋነን፣ የዘመሮ በረኛ ራሱ አዝኖልኝ፣ «ያውልህ እኮ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሟል!» ብሎ ለሙላት በእጁ አሳየው። ሙላት ቀና አለ፣ አየኝ፣ ኳሷን ወደ ገብስ ማሳ ላካት። ወጣቱ ተመልካች በሣቅ ሞተ። ትልልቆቹ ግን አልሣቁም፣ እርስ በርስ ተያዩ፤ ወዲያው ገብቷቸዋል። መምህር ፍሥሐ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ «ቀስቱን! ቀስቱን ተከተል!» እያለ ይጮኻል።

ያን ጊዜ ነው በረዶው የጣለው። መንዝን የማያውቅ ሰው በረዶ ስለው ዝናብ ይመስለዋል። ጭጋጉ ሜዳውን ሸፈነው፤ ከጭጋጉ ውስጥ እንደ ጠጠር የሚማታ ነገር ወረደብን። ዳኛው ፊሽካ እንኳ ሳይነፋ ነው የሮጠው። ሁሉም እግሩ ወዳመራው ተበታተነ። እኔ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሙላት የት እንደገባ አያለሁ፣ ከዚያ ሌላ ቤት እገባለሁ፤ ልማዴ ነው። ያን ቀን በጭጋጉ ውስጥ አንድ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሲሮጥ አየሁና እሱ ነው ብዬ፣ ሜዳው ዳር ወዳለችው የድንጋይ ቤት ከሌሎች ጋር እየተጋፋሁ፣ እያሳልኩ ገባሁ።

ቤቱ የአባ ገብሬ የሚባሉ ቄስ ነው። ገና ከቅዳሴ መመለሳቸው ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ! በሩን ዝጉት! ልብሳችሁን አውልቁ፣ ትሞታላችሁ!» አሉ።

አባ ገብሬ ከማኅሌት የተረፋቸውን ጊዜ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይሸምኑ ነበርና፣ ለገበያ ያዘጋጁት ባና ጥጉ ላይ ተቆልሏል። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ወረወሩልን። አዲስ ባና፣ ገና የበግ ሽታው ያለቀቀ። ከነጭንቅላታችን ተጠቀለልን። በሩ ተዘጋ። መስኮት የሚባል የለም። ምድጃው ላይ ርጥብ ኩበት ይጨሳል እንጂ አይነድም። ማንም ማንንም አያይም፤ በየጥጉ የባና ክምር ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል፣ አለቀ። ከአንደኛው ክምር ውስጥ መምህር ፍሥሐ «ናዝሬት ሆይ!» ሲል ሰማሁት።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ገበታ ቀረበ፤ የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ሰናፍጩ እንባ የሚያስወጣ ስልጆ። አባ ገብሬ ጸሎት አድርሰው ባረኩ፣ ቆረሱ፣ «ብሉ ልጆቼ» አሉ። በየገበታው ሁለት ሦስት ሆነን ተጠጋን። ከጎኔ አንድ ባና የለበሰ ሰው አለ። እኔ እጄ በብርድ ደንዝዞ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ። እቆርሳለሁ፣ ይወድቃል። ደግሞ እቆርሳለሁ፣ ደግሞ ይወድቃል። ቀኑን ሙሉ ጾሜ፣ ሮጬ፣ ተሸንፌ፣ ፊቴ የቀረበ እህል መያዝ አቃተኝ፤ ሊያስለቅሰኝ ደረሰ።

ጎኔ ያለው ሰው ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ምንም አላለም። እኔም ማን ነህ አላልኩም፤ ጉርሻ ሲመጣ አፍ ይከፈታል እንጂ ስም አይጠየቅም። ከዚያ ሁለተኛ ጠቀለለና ወደ አፌ አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ድገም፣ በሞቴ» አለኝ።

ድምፁ የሙላት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ያን ጊዜ ሌላው ሰው እንዳላወቅሁ ያስብ ነበር፤ እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት። አወቅሁ። እጁ አፌ ላይ እያለ አወቅሁ። ልነሣ እችል ነበር፣ ገበታውን ልረግጠው እችል ነበር፣ አባቴ ቢያዩኝ ይህን ነው የሚጠብቁት። እኔ ግን አፌን ከፈትኩና ጎረስኩ። ጎርሼም ዝም አላልኩም፤ ጣቴ ትንሽ ሞቅ ብሎት ነበርና፣ እኔም ጠቅልዬ፣ በጨለማው አፉን በእጄ ፈልጌ አጎረስኩት። ለምን አደረግኸው ብትሉኝ አላውቅም። የጎረሰ ሰው መልሶ ያጎርሳል፣ እጄ የለመደውን ሠራ ልላችሁ እችላለሁ። ግን እውነቱ ደስ ብሎኝ ነው። ከአጎቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የአባ ገብሬ ባለቤት፣ «በረዶው አባራ እኮ» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ብርሃኑ ቀጥ ብሎ መጥቶ እኛ ላይ አረፈ። የሙላት እጅ ገበታው ላይ ነው፣ የእኔም እጅ ገበታው ላይ ነው፣ ሁለታችንም እያላመጥን ነው። እሸቴ ቀና ብሎ አየን።

«በስመ አብ ወወልድ!» አለና ጉርሻው ከእጁ ወደቀ።

ሁሉም ሰው ማላመጥ አቆመ፤ ከመምህር ፍሥሐ በቀር።

«ምን ሆናችሁ? እንዴ፣ ሥጋ ገባበት እንዴ?» አለ ሽሮውን እያየ።

ያን ጊዜ ነው፣ በሦስት ዓመቱ፣ እሸቴ የነገረው። ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ሁሉንም ዘረገፈለት። መምህር ፍሥሐ ወደ ሙላት አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። አባ ገብሬም ሰምተዋል። መስቀላቸውን ከወገባቸው አወጡና በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እኔ ባርኬ ነው የቆረስኩት» አሉ። «የተባረከ እህል ሆድ ከገባ ወዲያ ምን አደርገዋለሁ?»

ሙላት ተነሥቶ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ሜዳው በሙሉ ነጭ ሆኗል። ቅጥሩ ሥር ቆሞ ነበር፣ ባናውን እንደተከናነበ።

«ክፍሌ» አለኝ። ስሜን ከአፉ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል።

«አላወቅኸኝም ነበር?» አልኩት።

«ስትገባ ነው ያወቅሁህ። በሳልህ።»

«እያወቅህ አጎረስከኝ?»

«ምን ላድርግ? እንጀራው ከእጅህ ሲወድቅ ሰማሁ። ቢገድለኝም ጠግቦ ይግደለኝ ብዬ ነው።»

ሣቄ መጣ፤ እሱንም ሣቁ ያዘው። ከዚያ ሁለታችንም ደንግጠን አፋችንን ያዝን። አንተስ አወቅኸኝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወደ መኪናው ሄድኩ። ስንመለስ እሱ በቀኝ ጥግ፣ እኔ በግራ ጥግ፣ መምህር ፍሥሐ መሐል ተቀምጦ፣ ወደ ማንኛችንም ሳይጠጋ።

ወሬው እኛን ቀድሞ መሐል ሜዳ ገባ። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ጥዱ ሥር ተቀመጡ። አባ ገብሬ ለምስክርነት ከዘመሮ ያንን ሁሉ ጭቃ በእግራቸው መጡ። አባቴ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ እርቅ ነው ወይስ አይደለም?

ክርክሩ ብታዩት ጉድ ነው። አንደኛው፣ «በጨለማ የተበላ አይቆጠርም፤ እርቅ ፊት ለፊት ነው» አለ። ሌላው፣ «እንዲያ ከሆነ ዓይነ ስውር በሕይወቱ ከሰው ጋር አልበላም ልትለን ነው?» ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው፣ እርቅ በግ ታርዶ ነው እንጂ በስልጆ የታረቀ ሰው የት ነው ያለው ሲል አባ ገብሬ ተነሡ።

«የእኔን ገበታ ስልጆ ነው ብለህ ነው የምትንቀው?»

ሰውየው ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ዋናው ጉዳይ ቆመ።

በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው። ሳያውቁ የበሉት ከሆነ ስሕተት ነው፣ ደሙ እንዳለ ነው። አውቀው የበሉት ከሆነ ግን እርቅ ነው። ሁለቱም ልጆች በቤተ ክርስቲያኑ ፊት፣ መስቀል ይዘው ይናገሩ።

ሙላት ቀረበ። «አውቄ ነው ያጎረስኩት» አለ። ይህ ለእሱ ክብር ነው፣ የገዳይ ወገን ዝቅ አለ ይባልለታል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ እኔ ነኝ። የእኔ ነገር ሌላ ነው። አላወቅሁም ካልኩ ሁሉም ሰው ያምነኛል፣ አባቴም አያፍሩም፤ ጾሙ ሲፈታ ግን ሙላትን መግደል አለብኝ። አውቄ ነው ካልኩ የአጎቴን ደም በአንድ ጉርሻ የሸጠ ልጅ ሆንኩ፣ ያውም አባቴ ቁጭ ብለው እየሰሙ። መስቀሉ እጄ ላይ ቀዘቀዘኝ። ፈርቼ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

«የመጀመሪያውን ሳላውቅ ጎረስኩ» አልኩ። «ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው። አውቄ ጎረስኩ፣ አውቄ አጎረስኩት።»

ሽማግሌዎቹ እኔን ትተው ወደ አባቴ ዞሩ፤ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው።

«ምን ይላሉ?» አሏቸው።

«ልጄ የዋጠውን እኔ ከጉሮሮው ላወጣ አልችልም» አሉ አባቴ። ተነሥተውም ወደ ሙላት ሄዱ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ትከሻውን ዳብሰው አገኙትና ሳሙት። የሙላት እናት እልል ልትል ጀምራ ልቅሶ ሆነባት።

ወደ ቤት ስንመለስ እጃቸውን ይዤ እመራቸዋለሁ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«ክፍሌ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጾም ቶሎ ይፈታ ብዬ ነው የጸለይኩት፤ እንዳይፈታ የጸለይኩት ዘንድሮ ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ ጎዳናው መሐል ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ይኸው ነው እንግዲህ። እኔ አልፈልግም፣ ሙላት አይፈልግም፣ አባቴ አይፈልጉም፤ ሁላችንም አንዳችን ለሌላው ስንል ልንገዳደል ነበር።

ቡድኑስ አትሉኝም? ውድድሩ ተጀመረ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሙላት በግራ በኩል አለፈ፣ ቀና አለ፣ አየኝ፣ ኳሷን አቀበለኝ። በሕይወቴ ከእሱ የተቀበልኳት የመጀመሪያዋ ኳስ ናት። መቀበል ማን አስለመደኝ? በደስታ ዘልዬ ስዞር እግሬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ ጉልበቴ ዞረ። ጎል የለም፣ ክፍሌም የለም። ተቀያሪ ስለሌለን በአሥር ሰው ጨረሱ፤ ስንት ለስንት የሚለውን አሁንም ተዉት። መምህር ፍሥሐ ግን እኔን ተሸክሞ ሲያወጣኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «አየህ? ቀስቱ ሠራ!» አለኝ። እሸቴ ሁሉንም ነግሮት ሳለ፣ በዓይኑም አይቶ ሳለ፣ መምህሩ እስኪዛወር ድረስ ጠመኔዬ ነው ያስታረቃቸው እያለ ነበር የሚያወራው።

ዓመት ሳይሞላ ኳስ ወዳዱ አስተዳዳሪ ተነሣና ሌላ መጣ። አዲሱ ኳስ አይወድም። ስፖርተኛ ጤነኛ ነው ብሎ ለዘመቻ መጀመሪያ የጠራው ቡድኑን ነው። በደጉ ጊዜ አሥራ አንድ መሙላት ጭንቅ ይሆንብን የነበርን ሰዎች፣ ያን ቀን አንድም ሳንጎድል ተገኘን። እኔን ሐኪሙ ጉልበቴን ነካ ነካ አደረገና «ይህ አይረባም» ብሎ መለሰኝ። ሙላትን «ግሩም ነው» አለው። በአንዲት ኳስ እኔን ያተረፈኝ ሰው፣ ራሱ መኪና ላይ ተሳፍሮ ሄደ። ሊሄድ ሲል አቅፎኝ፣ «ያቺን ኳስ ወደ ገብሱ ብልካት ኖሮ አብረን ነበርን» አለኝ። ይቀልዳል።

እናንተ ይህን የምትሰሙ፣ ሰው ከአንድ ጉርሻ ምን ይማራል ትሉ ይሆናል። እኔ ዛሬ በተራዬ ሽማግሌ ሆኜ ለእርቅ እቀመጣለሁ። ደመኞች ሲመጡ ነገራቸውን ከመስማቴ በፊት እንዲራቡ አደርጋለሁ። ከዚያ ገበታ አስቀርባለሁ፣ በሩንም ገርበብ አስደርጋለሁ። ባልደረቦቼ ያረጀ ሰው አመል ነው ይሉኛል። ይበሉ። ሁለት ሰው ሲጣላ ብዙ ጊዜ ሁለቱም መውጫ ሲፈልጉ ነው የማየው፤ መጀመሪያ ወጣ ላለመባል ብቻ ነው ውስጥ የሚቀሩት። ሌላ ጥበብ የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ዛሬም አልፈታሁም። የሙላት መርዶ ከሰሜን የመጣ ቀን የሰማሁት ጥያቄ ነው። አባቴ ምራኝ አሉኝና፣ ቤተሰባችን ዘመን ሙሉ ረግጦት ወደማያውቀው ደጅ፣ ወደ ሙላት እናት ቤት ገቡ። ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጡ ሲሏቸው እምቢ ብለው ሄደው ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀመጡ። ከአውራጃው የመጣ አንድ ካድሬ ቆሞ፣ ለእናት አገር ስለተከፈለ መሥዋዕትነት ረጅም ንግግር አደረገ። አባቴ በትዕግሥት አስጨረሱት።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት ከዚያ። «እኛ የአንድ ሰው ደም ሲፈስ ከማን እንደምንጠይቅ እናውቃለን። ታርቀንም፣ ይቅር ብለንም እናውቃለን። የዚህን ልጅ ደም ግን ከማን እንጠይቅ?»

ከጎኑ የነበረው ሰው የካድሬውን ክንድ ያዘና ይዞት ወጣ። የሙላት እናት ከነበረችበት ተነሣችና መጥታ ከአባቴ ጎን ተቀመጠች።